የማዕዘኑ በርች

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1858

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ሎቪና ናት። «አባዬ፣ ያየኸውን ሁሉ ለበሬዎቹ ከምትነግራቸው እዚህ ላይ ጻፈው፤ እነሱ እንደሆነ አይመልሱልህም» አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀልድ እንደምትችል ያወቅኩት በዚህ ክረምት ነው።

በሬዎቹ ግን ይመልሳሉ። ጎልያድ ጆሮውን ይነቀንቃል፣ ዳዊት ይፈሳል።

አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ፣ የአምስት ቀን መንገድ ርቄ፣ በሌላ ሰው ጫካ ዛፍ ስጥል ኖሬያለሁ። እዚያ ሃያ ወንድ በአንድ ረጅም ብርድ ልብስ ሥር ተደርድሮ ያድራል፤ አንዱ ሲገላበጥ ሃያውም ይገላበጣል። ጉልበቴን ግንድ ከመታኝ ወዲህ አልሆነልኝም። ዘንድሮ በራሳችን መሬት ላይ ያሉትን ትልልቅ ጥዶች እየቆረጥኩ በራሴ አልጋ አድራለሁ። ሃያ አንዱን በዚህ ክረምት፣ የቀሩትን ሃያ ሁለቱን በሚመጣው። ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል። ብቻ ወደዚያ ብርድ ልብስ መመለስ አልፈልግም።

ባለቤቴ ቃስያ ጠዋት እሳት ስታያይዝ እንደምታንጎራጉር አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት በትዳር ኖሬ! ምን ዜማ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ምንም» ብላ አቆመች። ከዚያ ወዲህ አታንጎራጉርም። ምነው ባልጠየቅኩ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 5

ብርድ። ጢሜ ደርቆ እንደ እንጨት ሆነ። ሁለት ጥድ ጣልኩ። በአንዱ ልብ ውስጥ እንቁላል የምታህል ድንጋይ አገኘሁ፤ ከመሬት አሥር ክንድ ከፍታ ላይ! ማን አስቀመጣት? ስለ ድንጋይዋ ሳስብ አንዲት ግራጫ ወፍ የምሳዬን የአሳማ ሥጋ ይዛ በረረች።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 13

ለዳዊት ጫማ ላስመታለት አንጥረኛው ባርናባስ ዘንድ ሄድኩ። ባርናባስ ወሬ ሳይቀጠቅጥ ብረት አይቀጠቅጥም።

«ኤልያብ፣ የማንን ጥድ ነው የምትጥለው? ሰዎች ይጠይቃሉ።»

«ሰዎች ማለት እነማን?»

«ሰዎች ማለት ሰዎች ናቸዋ!»

«የሚስቴን ጥድ ነው በላቸው።»

«እኔ ምን አገባኝ። ሆሴዕ ግን ትናንት እዚህ ነበር። ሰው ሁሉ ስላንተ ሲያወራ አንዲት ቃል አልወጣውም።»

ሆሴዕ የቃስያ ታላቅ ወንድም ነው፤ የታችኛው ጎረቤታችንም ነው። ስድስት ዓመት ሆነን ከተኳረፍን። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወንዙን ያያል፣ እኔ ዛፍ አያለሁ።

ጽፌ ልገላገለው። አማቴ ኢዮአታም ሁለት ተጎራባች መሬት ነበረው፤ የላዩን ለቃስያ፣ የታችኛውን ለሆሴዕ ሰጠ። ድንበሩ የሚነሣው ጅረቱ ዳር ምልክት ካለው በርች፣ ከባለ ነጭ ቅርፊቱ ዛፍ፣ ነው ይላል ወረቀቱ፤ በርቹ ከጅረቱ ዳር የቱ ጋ እንደሆነ ግን አይልም። ሽማግሌው ሲሞት ሆሴዕ «በርቹ ትልቁ ድንጋይ አጠገብ ነው። ቀያሹ ሲለካ የመለኪያውን ሰንሰለት ይዤለት ነበር፣ ስምንት ዓመቴ ነበር» አለ። እንደሱ አባባል ከሆነ ጥዶቹ በሱ በኩል ይውላሉ። ድንጋዩ አጠገብ ያሉትን በርቾች አንድ በአንድ ዞረን አየን፤ ምልክት የሚባል የለም። እኔም በቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ውሸታም አልኩት። «የአባትህ መቃብር አፈር ሳይደርቅ» ብዬም ጨመርኩበት።

ምልክት አልነበረማ። እኔ ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 20

የበረዶ ጋሪው መንሸራተቻ ተሰበረ። ትልቁ ድንጋይ አጠገብ ሥሩ ጎበጥ ያለ ሸጋ በርች ነበር፤ ለመንሸራተቻ የተፈጠረ። ያኔ እኔና ሆሴዕ ዞረን ያየነው ነው፤ ቅርፊቱ ድፍን፣ ጭረት የሌለው። ጣልኩት።

ከግርጌው ጉማጅ ቆርጬ ሽብልቅ አስገባሁና መታሁት። እንደ እንጨት አልተሰነጠቀም፤ እንደ መጽሐፍ ተከፈተ። ከቅርፊቱ አንድ ጋት ገባ ብሎ፣ በአንዱ ክፋይ ላይ በመጥረቢያ የተላገ ጥቁር ገጽ አለ። በላዩ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር ሁለት ጭረት። በሌላው ክፋይ ላይ ያው መስቀልና ሁለት ጭረት ተገልብጦ አብጦ ወጥቷል። ዛፉ ቁስሉን እየሸፈነ ሲያድግ ቅርጹን ቀድቶት ኖሯል።

መስቀልና ሁለት ጭረት የአማቴ የኢዮአታም የግንድ ምልክት ነው።

ዳዊት አፍጥጦ አየኝ። «ምን ታየኛለህ?» አልኩት።

ለመንሸራተቻው ሌላ በርች ቆረጥኩ። ይኸኛውን ጉማጅ በጆንያ ሸፍኜ እንጨት ቤት አስገባሁት። ለምን እንደሸፈንኩት አላውቅም። ብርድ እንዳይሰነጥቀው ይመስለኛል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 21

ሥራ የለም፤ ስለዚህ ቀለበት ቆጠርኩ። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ከምልክቱ ገጽ እስከ ቅርፊቱ አርባ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አርባ አንድ። በመርፌ ጫፍ እየነካሁ ቆጠርኩ፣ አርባ አንድ። እንግዲህ መጥረቢያው ያረፈበት በ1816፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው።

የሚገርመው ሌላ ነው። ልክ ከምልክቱ ሥር ያለችው ቀለበት ፀጉር ታህላለች። ያ ዓመት በጁን በረዶ የጣለበት፣ በቆሎው ማሳ ላይ የቀረበት ነው። አምስት ዓመቴ ነበር፤ እናታችን የጫካ ሥር ቀቅላ ስታበላን ትዝ ይለኛል። ዛፉም እንደኛው ተርቦ ነበር! ይህን ለአንድ ሰው መንገር አማረኝ፤ ለማን ልንገር? ሎቪና ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት።

ሆሴዕ በ1816 ስምንት ዓመቱ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ብዬ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 4

ሃያ አንዱም ጥድ ወደቀ። አምሳ ስምንት ግንድ ወንዙ ላይ፣ ግግር በረዶው ጀርባ ላይ ተደርድሯል። ግግሩ አንድ ክንድ ተኩል ይወፍራል። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ምልክቴን፣ የቁራ እግር፣ ቆረጥኩ።

በረዶው ሲሰበር የሁሉም ሰው ግንድ ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ ታች ግንድ በሚለዩበት ጣቢያ፣ መለያው ጋ፣ በምልክቱ ነው የሚለየው። ምልክቱ ያልታወቀ ግንድ የማንም አይደለም፤ መለያው ይወርሰዋል። የሌላውን ምልክት ፍቆ የራሱን የሚቆርጥ ደግሞ ሌባ ነው። አንዱን ሲፍቅ ይዘውት ከነጫማው ወንዝ ውስጥ እንደወረወሩት ባርናባስ በየዓመቱ ያወራል፤ በየዓመቱም ወንዙ ይጠልቃል።

ወንዙ አንዴ ግንዱን ከወሰደው ወሰደው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

እሑድ፣ ማርች 14

እንጨት ቤት ገብቼ ጉማጁን አየሁት። ዝም ብዬ ነው። ጆንያው ታጥፏል፤ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ ቃስያ አንሶላ እንደምታጥፈው። እኔ እንዲያ ማጠፍ አልችልም። ምናልባት እችል ይሆናል።

ደግሞ ስድስተኛዋ ቀለበት ላይ የልብስ መርፌ ተተክሏል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲቆጠር ስድስተኛዋ። ያን ቀን ቀለበት የቆጠርኩበት መርፌ መሰለኝ፤ ግን ወደ ሳጥኑ መልሼው ነበር። ስድስተኛዋ ቀለበት 1852 ናት። አማቴ የሞተበት።

ሎቪናን «መርፌሽን እንጨት ቤት ጥለሻል?» አልኳት።

«እኔ? እንጨት ቤት ምን ልሰፋ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ!»

እንግዲህ አይጥ ትሆናለች።

ሐሙስ፣ ማርች 18

ቃስያ እራት ስታቀርብ «እንጨት ቤት ምን ታበዛለህ?» አለችኝ።

«አይጥ አለ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችና ባቄላውን ጨመረችልኝ። ባቄላው ጣፋጭ ነበር። ዓይኗን ግን ማየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ማርች 27

ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ጣፋጭ ውሃው መፍሰስ ጀመረ። ሦስታችንም ሽሮፕ እስኪሆን ቀኑን ሙሉ ስናፈላው ዋልን። ሎቪና ሽሮፑን በረዶ ላይ እያፈሰሰች ስትስቅ ዋለች። እንዲህ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር፤ አፍንጫዋን ጨምድዳ። በየዓመቱ በዚህ ወር ስትስቅ እኔ የአምስት ቀን መንገድ ርቄ ነበር ማለት ነው። በሚመጣው ዓመት ማን ያያታል ብዬ አሰብኩ።

ቃስያ ድስቱን እያማሰለች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሽሮፕም እንደዚያው ነው፤ ብቻ እሳቱ መጥፋት የለበትም» አለች።

ስለ ሽሮፑ ነው የተናገረችው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ዝናብ። ግግሩ ጠቆረ። በዳር በኩል ውሃ ይታያል። ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው።

በርቹ እኮ ሌላ ዓይነት ምልክትም ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ባገኘው ዛፍ ላይ ሁሉ ምልክቱን ይቆርጥ ነበር ይሆናል። ማን ያውቃል? አርባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ።

ሦስት ጥድ ብቻ ብተውለትስ? ምን ብዬ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 10

በሬዎቹን ይዤ ባርናባስ ዘንድ ደረስኩ። ከውጭ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጎልያድን ሳስር ውስጥ የሚያወሩትን ሰማሁ። የወፍጮ ቤት ሰዎች ሆሴዕን ከበው እየቀለዱበት ነው።

«ሆሴዕ፣ በርችህን አገኘኸው?»

«ዘንድሮ ቅጠል ያወጣ ይሆን?»

«ኪሱን ፈትሹት፣ እዚያ ተክሎት ይሆናል!»

ይስቃሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት እንደኖሩ ከአሳሳቃቸው ያስታውቃል። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሆሴዕ ግን ቀስ ብሎ፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው፣ እንዲህ አለ፦

«እኔም እንጃ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰንሰለቱ እጄን ሲያቀዘቅዘው ትዝ ይለኛል፤ ግን ሕልምም ሊሆን ይችላል። አባባም በመጨረሻው ጊዜ ያልነበረውን ነገር ያይ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ባርናባስ መቀጥቀጥ ጀመረ።

እኔ ወደ ውስጥ አልገባሁም። የጎልያድን ገመድ ፈትቼ ተመለስኩ። ጥዱን ብቻ ነው የወሰድኩበት ብዬ አስብ ነበር። በገዛ ዓይኑ ያየውን እስኪጠራጠር አድርሼዋለሁ፤ ማስረጃውን ደግሞ በጆንያ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ ለካ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 13

ሁለቱንም ክፋይ አቅፌ ወደ ቤት ገባሁ። የምድጃውን በር ከፈትኩ። ቃስያ ካልሲ እየጠገነች ነበር፤ እጇ ቆመ።

እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ያቺን ፀጉር የምታህል ቀለበት አየኋት። ጁን ላይ በረዶ፣ የእናቴ የሥር ቅቅል፣ ሰንሰለት የያዘ የስምንት ዓመት ልጅ። እንዴት ይህ ይቃጠላል? የምድጃውን በር ዘጋሁት።

«እርጥብ ነው፣ አይነድም» አልኳት።

«ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ደርቋል» አለች።

ሁለት ወር እንደሆነው እንዴት አወቀች ብዬ አልጠየቅኳትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጥዶቹ ከሄዱ በሚመጣው ክረምት ወደዚያ ጫካ ነኝ፣ ቃስያ።»

«አውቃለሁ።»

«ከነተጎዳ ጉልበቴ።»

«አውቃለሁ ኤልያብ። እኔም አንተን ማየት ለምጄ ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እሱ ግን ወንድሜ ነው። ስድስት ዓመት ገበታዬ ላይ አልተቀመጠም። እኔ እናንተን መጠበቅ ደከመኝ።»

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 17

ሁሉንም ልጻፈው።

ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም ከንጋት ጀምሮ ወንዙ ላይ ነበርኩ። ጉማጁን ግንዶቹ አጠገብ አስቀምጬ፣ ከእያንዳንዱ ግንድ ላይ የቁራ እግሬን እየፋቅኩ፣ በቦታው ከጉማጁ እያየሁ መስቀልና ሁለት ጭረት ቆረጥኩ። ሆሴዕ የአባቱን ምልክት እንደወረሰ አውቃለሁ። ግግሩ ከሥሬ ያቃስታል። ቃስያና ሎቪና ሻይ እያመጡልኝ ይመለሳሉ። ቀትር ላይ የመጨረሻውን ጨረስኩ። አምሳ ስምንት። ደስ አለኝ፤ የሚያሳፍረው፣ በሥራዬ ኮራሁ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ፣ ልክ እንደ ሽማግሌው።

ቀና ስል ሆሴዕ ዳሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል።

ከዳሩ ሆኖ ምን እንዳየ ገባኝ፤ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ከግንድ ላይ ምልክት ሲፍቅ። በኛ አገር ይህ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ጉማጁን በጣቴ አሳየሁት።

ወርዶ መጣ። ሁለቱን ክፋይ አየ። ጠመንጃውን አስቀምጦ በረዶው ላይ ተቀመጠ፣ አንዱን ክፋይ ጭኑ ላይ አድርጎ በጥፍሩ መቁጠር ጀመረ። ሃያ ላይ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ። እኔ ቆሜያለሁ። ቀጭኗ ቀለበት ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ቆመ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ከዚያ ተነሣ፤ ወደ ግንዶቹ ሄደ። የመጀመሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ጭረቱ ውስጥ አስገባ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ወደ ሦስተኛው። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረኝ።

«ሦስት ነው።»

«ምኑ?»

«ጭረቱ። አባባ ከሞተ ወዲህ ሦስት ነው። የሱን ለሱ ትቼ አንድ ጨመርኩ። ታች መለያው ጋ የተመዘገበው ሦስቱ ነው።»

አምሳ ስምንቱንም ግንድ የሞተ ሰው ምልክት ቆርጬባቸዋለሁ። የኔ እንዳይሆኑ የኔን ፍቄ፣ የሱ እንዳይሆኑ አንድ አጉድዬ። ይህን ወንዝ ትቼ በሌላ ወንዝ ስለሠራሁ፣ ሳልፍም ዛፍ ዛፉን ሳይ ስለኖርኩ፣ የጎረቤቴን ምልክት አላውቅም። እንዲሁ ቢሄዱ መለያው ይወርሳቸዋል፤ ለኔም ለሱም ሳይሆኑ ይቀራሉ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሆሴዕ ግንዶቹን አየ፣ ግግሩን አየ፣ እኔን አየኝ። «ሌላ መጥረቢያ አለህ?» አለ።

ሎቪና ሮጣ አመጣች። እሱ ከታች ጀመረ፣ እኔ ከላይ፤ አንድ አንድ ጭረት። መሐል ላይ ልንገናኝ ስንቃረብ እንዲሁ በሥራው ላይ እንዳለ፣ ቀና ሳይል፦

«ሕልም መስሎኝ ነበር።»

«ሕልም አልነበረም። ያኔ ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ነገ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤው ፊት እናገራለሁ።»

«መቼ ነው ያገኘኸው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ፌብሩዋሪ ሃያ» አልኩት።

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። ቆጠረ። እሱም እንደኔ ቆጣሪ ነው። «ስምንት ሳምንት» አለ። ዓይኔ ከመጥረቢያው አልተነሣም። እንጨቱ ላይ አወረደው።

ከዚያ ወንዙ ጮኸ። መድፍ ይመስላል። ቃስያ ከዳር «ውጡ! ሁለታችሁም ውጡ!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ እንዲህ ሊወጣ እንደሚችል እዚያው ሆኜ ገረመኝ። ግንድ የመታው ጉልበቴ አልሮጥ አለኝ። ሆሴዕ በቀበቶዬ አንጠልጥሎ ጎትቶ አወጣኝ፤ በሌላው እጁ ጉማጁን ይዟል፣ ጠመንጃውን ግን ረስቶት ወንዝ በላው።

ግንዶቹ አንድ በአንድ እየተንሳፈፉ ሄዱ። ሦስት ጭረት፣ ሦስት ጭረት፣ ሦስት ጭረት። መጨረሻ ላይ ያልደረስንበት አንድ ግንድ ሁለት ጭረት ብቻ ይዞ አለፈ። መንጠቆዬን አነሣሁ።

«ተወው» አለ ሆሴዕ። «እሱ የአባባ ነው።»

ሰኞ፣ ኤፕሪል 19

ትናንት በጉባኤው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ቀብሩም፣ ስለ በርቹም፣ ስለ ስምንቱ ሳምንትም። ባርናባስ እንኳ አንገቱን ደፋ። የወፍጮ ቤት ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ።

ሆሴዕ ገበታችን ላይ ተቀምጦ ሦስት ሳህን ባቄላ በላ። የምልክቱን ክፋይ እሱ ወሰደ፤ አብጦ የወጣውን ለኛ ተወልን፣ ከምድጃው በላይ አስቀምጬዋለሁ። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «ሃያ ሁለት ጥድ ቆሞ ቀርቷል። እኔ በሬ የለኝም፤ አንተ አለህ» አለ። አስብበታለሁ አልኩት። ቃስያ በክርኗ ጎሸመችኝ። አስቤበታለሁ አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ገና አልጋ ላይ ሳለሁ ቃስያ እሳት እያያያዘች አንጎራጎረች። የተኛሁ መስዬ ሰማኋት። ምን ዜማ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።